የሬሳ አበባ፦ አበባበቡና በሰው እጅ የሚፈጸመው ርክበ ብናኝ

የሬሳ አበባ በኢንዶኔዥያዋ የሱማትራ ደሴት ምዕራባዊ ተራሮች ላይ ብቻ በተፈጥሮ የሚበቅል፣ ሲያብብ ከሰው ቁመት የሚበልጥና የበሰበሰ ሥጋ ሽታ የሚያወጣ ተክል ነው። የሳይንስ ስሙ አሞርፎፋለስ ቲታኑም ሲሆን የአገሩ ሰዎች ቡንጋ ባንካይ ይሉታል፤ የሬሳ አበባ ማለት ነው። ቅርንጫፍ ከሌላቸው የአበባ ዘለላዎች መካከል በዓለም ትልቁ የዚህ ተክል ነው። ለማበብ ዓመታት ይፈጅበታል፤ አብቦ የሚቆየው ግን ቢበዛ ሁለት ቀን ያህል ነው። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ከሌላ ተክል የመጣ የአበባ ብናኝ ካልደረሰው ብዙውን ጊዜ ፍሬ ሳይዝ ይጠወልጋል። በትውልድ ደኑ ውስጥ ብናኙን የሚያደርሱት ነፍሳት ናቸው፤ ከደኑ ውጭ ባሉ የእጽዋት ማዕከላት ግን ሥራው የሰው ነው። በጥቂት ሰዓት ውስጥ በብሩሽ የሚፈጸመው ይህ የርክበ ብናኝ ሥራ አንድን ተክል ፍሬ ከማስያዝ ያለፈ ትርጉም አለው፤ የማን ብናኝ ለማን እንደ ደረሰ በትክክል ከታወቀ ዝርያው ይጠበቃል፣ ካልታወቀ ቀስ በቀስ ይዳከማል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወገኑና አገሩ

የሬሳ አበባ የሚመደበው አራሲዬ በተባለው የእጽዋት ቤተሰብ ውስጥ ነው። በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ በሰፊው የሚበላው ጎደሬም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። አሞርፎፋለስ የተባለው ወገን በአፍሪካ፣ በእስያና በአውስትራሊያ ሞቃት ቦታዎች የሚገኙ ከ200 በላይ ዝርያዎችን ያቅፋል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው አሞርፎፋለስ አቢሲኒከስ መጠሪያውን ያገኘው ከኢትዮጵያ ነው፤ በኮንሶ ደግሞ ሌላው የዚህ ወገን ዝርያ በደንብ ተቀቅሎ ለምግብነት ይውላል። በጃፓንና በቻይና ኮንጃክ የሚባለው ዝርያም ለዘመናት ሲበላ የኖረ ነው። ከሁሉም በግዝፈቱ የሚልቀው የሱማትራው ዝርያ ነው።

ይህ ተክል ከራፍሌዥያ ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል። ሁለቱም የሱማትራ ናቸው፤ ሁለቱም ይገማሉ። ሆኖም ራፍሌዥያ ቅጠልም ግንድም የሌለው፣ በሌላ ሐረግ ላይ ተጣብቆ የሚኖር ጥገኛ ነው፤ አበባውም አንድ ብቻውን የቆመ፣ ስፋቱ እስከ 1 ሜትር የሚደርስ በዓለም ትልቁ ነጠላ አበባ ነው። የሬሳ አበባ ግን የራሱን ምግብ በቅጠሉ የሚያዘጋጅ ሲሆን፣ አንድ አበባ መስሎ የሚታየውም በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን አበቦች በአንድ ላይ የተሰበሰቡበት ዘለላ ነው።

በተፈጥሮ የሚገኘው ቡኪት ባሪሳን በሚባለው፣ የሱማትራን ምዕራባዊ ዳርቻ ተከትሎ በሚዘረጋው የተራራ ሰንሰለት ላይ ባለው የዝናብ ደን ውስጥ ነው። ሙቀትና እርጥበት የማይለየው አየር፣ ውሃ የማይቋጥር አፈርና በደኑ መካከል ትንሽ ብርሃን የሚገባበት ክፍት ቦታ ይስማማዋል።

ወደ ሳይንስ መዝገብ የገባበት ታሪክ

ተክሉን ለምዕራቡ ዓለም ሳይንስ ያስተዋወቀው የፍሎረንሱ ተወላጅ የእጽዋት ተመራማሪ ኦዶአርዶ ቤካሪ ነው። ቤካሪ ከአፍሪካ ቀንድም ጋር ትውውቅ ነበረው፤ በ1870 ከጣሊያናውያኑ ተመራማሪዎች ከኦራዚዮ አንቲኖሪና ከአርቱሮ ኢሰል ጋር በቀይ ባሕር ዳርቻ ወደ አሰብ፣ ከዚያም በከረን ዙሪያ ወዳለው የቦጎስ ምድር ተጉዟል። ሱማትራ ደርሶ ይህን ተክል ያገኘው በ1878 ነበር። ከአፈር ካስወጣቸው ሥረ ግንዶች (ምግብ የሚከማችባቸው፣ ከአፈር በታች ያሉ ግንዶች) የአንዱ ዙሪያ 1.4 ሜትር ያህል ስለነበር ሁለት ሰዎች ተሸክመውት ለመሄድ ተቸግረዋል።

ቤካሪ ወደ አውሮፓ የላካቸው ሥረ ግንዶች በሕይወት አልደረሱም። በዚያ ዘመን ፊሎክሴራ የተባለችው ተባይ የአውሮፓን የወይን እርሻ እያጠፋች ስለነበር፣ የውጭ ተክል ወደ ፈረንሳይ እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ ወጥቶ ነበር፤ ጭነቱም በማርሴይ ወደብ ተይዞ ተበላሸ። የላካቸው ዘሮች ግን ፍሎረንስ ደርሰው በቀሉ። ከችግኞቹ አንዱ ለንደን አጠገብ ወደሚገኘው የኪው የእጽዋት ማዕከል ተላከ፤ ከ10 ዓመት እንክብካቤ በኋላም በ1889 በጁን ወር አበበ። ከትውልድ ደኑ ውጭ ሲያብብ የመጀመሪያው ነበር።

በኪው እንደገና ያበበው በ1926 ሲሆን፣ ሊያየው የመጣውን ሕዝብ ሥርዓት ለማስያዝ ፖሊስ አስፈልጎ ነበር። በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ያበበው በ1937 በኒውዮርክ የእጽዋት ማዕከል ነው። ማዕከሉ የሚገኝበት የብሮንክስ ክፍለ ከተማም በ1939 የሬሳ አበባን ይፋዊ አበባው አድርጎ መርጦት እስከ 2000 ድረስ በዚያው ቆይቷል።

ከዘር እስከ አበባ

የተክሉ ሕይወት የተመሠረተው ከአፈር በታች በተቀበረው ሥረ ግንድ ላይ ነው። ይህ አካል ምግብ የሚከማችበት ድቡልቡል ግንድ ሲሆን፣ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ይገዝፋል። በስኮትላንድ በኤደንብራ የእጽዋት ማዕከል በ2010 የተመዘነው 153.9 ኪሎ ግራም ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም ከተመዘኑት ሁሉ ከባዱ ነው። ይኸው ሥረ ግንድ በ2003 ከኔዘርላንድስ ከላይደን ሲመጣ የብርቱካን ያህል ነበር።

ሥረ ግንዱ በአንድ ጊዜ የሚያወጣው አንድ ቅጠል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ያ አንድ ቅጠል ወደ 6 ሜትር ሊረዝምና 5 ሜትር ያህል ሊሰፋ ስለሚችል ሲያዩት ትንሽ ዛፍ ይመስላል። የቅጠሉ ዘንግ አረንጓዴ ሆኖ ነጣ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች አሉበት። ቅጠሉ ከአንድ ዓመት ላላነሰ ጊዜ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ እያዘጋጀ ወደ ታች ይልካል፤ ከዚያ ይደርቃል፤ ሥረ ግንዱም ለጥቂት ወራት በአፈር ውስጥ ያርፋል። ቀጥሎ ሌላ፣ ከፊተኛው የሚበልጥ ቅጠል ይወጣል። ይህ ዑደት ደጋግሞ ከዞረና በቂ ስንቅ ከተከማቸ በኋላ በቅጠል ፋንታ አበባ ይመጣል። ከዘር የበቀለ ተክል ለመጀመሪያ ጊዜ ለማበብ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ዓመት ይፈጅበታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ክፍተትም ከሁለት ሦስት ዓመት እስከ 10 ዓመት ሊደርስ ይችላል። የኤደንብራው ተክል ያን ሁሉ ክብደት ይዞም የመጀመሪያ አበባውን ያሳየው በ2015 ነበር።

ከአፈሩ ብቅ የሚለው እምቡጥ መጀመሪያ ላይ ቅጠል ይሁን አበባ ለመለየት ያስቸግራል። አበባ ከሆነ በፍጥነት ያድጋል፤ በቀን 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚጨምርበት ጊዜ አለ። ሊከፈት ሲቃረብ ዕድገቱ ይዘገያል፤ ከሥር የሸፈኑት ቅጠሎችም ደርቀው ይወድቃሉ። ተንከባካቢዎች ቁመቱን በየቀኑ እየለኩ የሚመዘግቡት የዕድገቱ መቀነስ የሚፈካበትን ቀን ስለሚጠቁም ነው።

የአበባው አካል

ዘለላው ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው በመካከል ቀጥ ብሎ የሚቆመው ቢጫማ ዘንግ ነው፤ ውስጡ ክፍት ነው። ሁለተኛው ዘንጉን ከሥሩ ጀምሮ የሚጠቀልለው መጎናጸፊያ ነው፤ ከውጭ አረንጓዴ ሆኖ ሲከፈት ውስጡ የጥሬ ሥጋ ቀለም ያለው ጥቁር ቀይ ነው። ብዙዎቹ 2 ሜትር ገደማ ይቆማሉ፤ እስካሁን ከተለኩት ረጅሙ በ2010 በአሜሪካ ኒው ሃምፕሻየር ያበበው ሲሆን ቁመቱ 3.1 ሜትር ነበር።

እውነተኞቹ አበቦች ከውጭ አይታዩም። በዘንጉ ግርጌ፣ መጎናጸፊያው እንደ ጽዋ በሚከበው ክፍል ውስጥ ተደርድረዋል። ከታች ያሉት ሴቴዎቹ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ጥቁር ቀይ አንገትና በጫፉ ላይ ብናኝ የሚቀበል ቢጫ ራስ አላቸው። ከበላያቸው በቀለበት መልክ የተደረደሩት ደግሞ ወንዴዎቹ ናቸው፤ ብናኝ የሚያመነጩት እነሱ ናቸው። ሁለቱም በመቶዎች ይቆጠራሉ። ከወንዴዎቹ በላይ ያለው ረጅሙ የዘንግ ክፍል አበባ የለበትም፤ ሥራው መሞቅና ሽታውን መልቀቅ ነው።

ሽታና ሙቀት

መጎናጸፊያው መከፈት የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሲመሽ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል። በዚያው ምሽት ዘንጉ መሞቅ ይጀምራል፤ የጫፉ ሙቀት 36 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ስለሚደርስ ከሰው ገላ ሙቀት ጋር ይቀራረባል። ሙቀቱ የሚገኘው በዘንጉ ውስጥ የተከማቸው ምግብ በፍጥነት ሲቃጠል ነው። በጀርመን የቦን የእጽዋት ማዕከል ተመራማሪዎች በሙቀት ካሜራ ሲከታተሉት፣ ሙቀቱ በየተወሰነ ጊዜ ከፍና ዝቅ እንደሚልና ሽታውም ከሙቀቱ ጋር አብሮ እየጎረፈ እንደሚወጣ ተመልክተዋል። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሣ ሽታውን ይዞ ስለሚወጣ፣ ነፋስ በማይነፍስበት ጥቅጥቅ ደን ውስጥ እንኳ ሩቅ ይደርሳል።

ሽታው የብዙ ኬሚካሎች ድብልቅ ነው። ዋናዎቹ ሰልፈር ያለባቸው ዳይሜቲል ዳይሰልፋይድና ዳይሜቲል ትራይሰልፋይድ ሲሆኑ፣ የበሰበሰ ሥጋና ሽንኩርት ሽታ የሚሰጡት እነሱ ናቸው። የተበላሸ ዓሣ ሽታ ያለው ትራይሜቲላሚንና የላብ ሽታ ያለው አይሶቫለሪክ አሲድም ይገኙበታል። በ2024 በዳርትማውዝ ኮሌጅ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት ደግሞ በሬሳ መበስበስ የሚፈጠረውን ፑትረሲን የተባለ ኬሚካል ከዝርዝሩ ጋር አክሏል፤ አበባው ሲከፈት ከሙቀትና ከሰልፈር ጋር የተያያዙ ጂኖች ሥራቸው እንደሚጨምርም አሳይቷል።

ቀለሙ፣ ሙቀቱና ሽታው ተባብረው የሚጠሩት እንቁላላቸውን በሬሳ ላይ የሚጥሉ ጥንዚዛዎችንና ዝንቦችን ነው። እነዚህ ነፍሳት ምግብ ያገኙ መስሏቸው ወደ ጽዋው ይወርዳሉ፤ በሌላ የሬሳ አበባ አልፈው ከሆነ በገላቸው ላይ የያዙትን ብናኝ በሴቴዎቹ ራስ ላይ ይተዋሉ። ተክሎቹ በደኑ ውስጥ ተራርቀው ስለሚበቅሉና በአንድ ወቅት የሚያብቡትም ጥቂት ስለሆኑ፣ ሩቅ የሚደርስ ብርቱ ሽታ የግድ ያስፈልጋቸዋል።

ሁለቱ ሌሊቶች

በአንድ ዘለላ ውስጥ ሴቴና ወንዴ አበቦች ቢኖሩም በአንድ ጊዜ አይደርሱም። ሴቴዎቹ ብናኝ ለመቀበል ዝግጁ የሚሆኑት በመጀመሪያው ሌሊት ነው፤ ሽታውም የሚበረታው ያኔ ነው። ወንዴዎቹ ብናኛቸውን የሚለቁት በማግሥቱ፣ የሴቴዎቹ ጊዜ ካለፈ ወይም ሊያልፍ ከተቃረበ በኋላ ነው። መጀመሪያ የመጡት ነፍሳት ከውጭ ያመጡትን ያራግፋሉ፤ ቆይተው የሚወጡት አዲሱን ብናኝ ይዘው ወደ ሌላ አበባ ይሄዳሉ። በዚህ ሥርዓት ተክሉ ራሱን በራሱ ከማዳቀል ይጠበቃል፤ ልጆቹም ከሁለት የተለያዩ ወላጆች የተውጣጣ ባሕርይ ይወርሳሉ።

በደኑ ውስጥ ለዝርያው ጤና የሚበጀው ይህ ሥርዓት በእጽዋት ማዕከል ውስጥ እንቅፋት ይሆናል። ብዙ ማዕከላት ያላቸው ተክል ጥቂት ነው፤ ሁለቱ በአንድ ሳምንት ማበባቸውም እምብዛም አያጋጥምም። ሬሳ ፈላጊዎቹ የሱማትራ ጥንዚዛዎችም በዚያ የሉም። ብናኙን ከአንዱ ተክል ወስዶ፣ ጠብቆ አቆይቶ፣ ለሌላው ማድረስ የግድ የሰው ሥራ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በእጅ ማዳቀል

ሥራው የሚጀምረው አበባው ከመፈካቱ ብዙ ቀደም ብሎ፣ ብናኝ በመፈለግ ነው። የሚያብብ ተክል ያለው ማዕከል በቅርቡ ያበበባቸውን ሌሎች ማዕከላት ይጠይቃል፤ ብናኙም በታሸገ ዕቃ ቀዝቅዞ ይላካል።

አበባው በተከፈተበት ምሽት ባለሙያዎቹ ከመጎናጸፊያው ግርጌ ላይ በንጹሕ ስለት አራት ማዕዘን መስኮት ይቆርጣሉ። ጽዋው ጥልቅ ስለሆነ ከላይ በኩል ሴቴዎቹን መድረስ አይቻልም፤ መስኮቱ ግን በቀጥታ ወደ እነሱ ያስገባል። የተቆረጠው ቦታ የአበባውን ሂደት አያቋርጥም። ከዚያ አንድ ባለሙያ ለስላሳ ብሩሽ በብናኙ ውስጥ እያጠቀሰ የእያንዳንዷን ሴቴ አበባ ቢጫ ራስ ይነካል። የሴቴው ራስ የሚያጣብቅ ስለሆነ ብናኙ ይይዛል። መቶዎቹን ሁሉ በየረድፉ፣ በዘንጉ ዙሪያ ሳይዘሉ ማዳረስ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሽታው እጅግ በበረታበት ሰዓትና ቦታ ፊትን አስጠግቶ የሚሠራ ሥራ ነው። አንዳንዶች ዕድሉን ለማስፋት ሥራውን በማግሥቱ ጠዋት ይደግሙታል።

በሁለተኛው ቀን ሥራው ወደ ወንዴዎቹ ይዞራል። ብናኙ ከወንዴዎቹ እንደ ቀጭን ክር ተያይዞ ይወጣና ይረግፋል። ባለሙያዎቹ በዚያው መስኮት በኩል ወረቀት ወይም ትንሽ ዕቃ ከሥር አድርገው በብሩሽ እያራገፉ ይሰበስቡታል። የተሰበሰበው ብናኝ በተራ ሙቀት ከተተወ ሕይወቱ በጥቂት ቀናት ያልፋል፤ እርጥበቱ ተቀንሶ፣ ታሽጎና ቀኑ ከነተክሉ ማንነት ተጽፎበት በማቀዝቀዣ ከተቀመጠ ግን ለቀጣዩ አበባ ይተርፋል። ተክሉ ለሌላ አበባ የሚሰጠው ይህ ስንቅ፣ በእንግዳ ብናኝ የተዋለለትን ውለታ የሚመልስበት ነው።

የዚህ ልውውጥ ጥሩ ምሳሌ በ2015 የታየው ነው። በዚያ ዓመት በዴንቨር የእጽዋት ማዕከል ካበበው ተክል የተሰበሰበው ብናኝ ወደ ቺካጎ ተልኮ፣ በዚያ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ባበበውና አሊስ የሚል ስም በተሰጠው ተክል ላይ ዋለ፤ አሊስም ፍሬ ያዘች። በ2025 ጃንዋሪ በሲድኒ ንጉሣዊ የእጽዋት ማዕከል ከ15 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሬሳ አበባ ሲፈካ፣ ሕዝቡ በሰልፍና በኢንተርኔት ስርጭት ሲከታተለው፣ ባለሙያዎቹ በዚያው ሌሊት የእጅ ርክበ ብናኝ ፈጽመዋል።

ፍሬና ችግኝ

ማዳቀሉ ካልተሳካ ዘለላው በሙሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወድቃል። ከተሳካ የላይኛው ዘንግና መጎናጸፊያው ይረግፉና ግርጌው ቆሞ ይቀራል፤ በላዩም ፍሬዎቹ ማደግ ይጀምራሉ። ለመብሰል ብዙ ወራት ያስፈልጋቸዋል። ሲበስሉ ደማቅ ቀይ ብርቱካናማ ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ ፍሬ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው በአብዛኛው አንድ ወይም ሁለት ዘር ይይዛል። በሱማትራ እነዚህን ፍሬዎች ለቅመው ዘሩን በደኑ የሚበትኑት፣ የእርኩም ዘመድ የሆኑ ባለ ግዙፍ ምንቃር ወፎች ናቸው።

ፍሬ መያዝ የሥረ ግንዱን ስንቅ ስለሚያሟጥጥ፣ ካፈራ በኋላ የሚሞት ተክል አለ። ስለዚህ ማዕከላት ለማዳቀል ሲወስኑ የተክሉን ዕድሜና ብርታት ያመዛዝናሉ። ዘሮቹ ከሥጋው ታጥበው ወዲያውኑ ይዘራሉ፤ የሚበቅሉት ችግኞችም ለሌሎች ማዕከላት ይከፋፈላሉ።

የማን ብናኝ ለማን

የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2018 የሬሳ አበባን ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡ ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። በተፈጥሮ የቀሩት ከ1,000 እንደማይበልጡ ይገመታል። ደኑ ለእንጨትና ለዘይት ዘንባባ እርሻ እየተመነጠረ በመሆኑ መኖሪያው ጠቧል፤ ዘሩን የሚበትኑት ወፎችም በአደን ተመናምነዋል።

የብዙ እጽዋት ዘር ደርቆና ቀዝቅዞ በዘር ባንክ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። የሬሳ አበባ ዘር ግን መድረቅ ይገድለዋል። ስለዚህ ከደኑ ውጭ ያለው ብቸኛ አስተማማኝ መጠባበቂያ በማዕከላት የሚያድጉት ሕያው ተክሎች ናቸው፤ የእነሱ ጤንነት ደግሞ በብሩሹ ሥራ ላይ የተመሠረተ ነው።

በዚህ ረገድ ያለው ሁኔታ አሳሳቢ ነው። የቺካጎ የእጽዋት ማዕከልና የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ111 ተቋማት የሚገኙ ወደ 1,200 የሚጠጉ ተክሎችን መዝገብ ሰብስበው በ2025 ባሳተሙት ጥናት፣ 24 በመቶ የሚሆኑት ከሌላ ተክል ክፋይ የተባዙ ቅጂዎች፣ 27 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ የቅርብ ዘመዳሞች ልጆች መሆናቸውን አግኝተዋል። ብዙው መዝገብም ያልተሟላ ነበር፤ ተክሉ ከማዕከል ወደ ማዕከል ሲሄድ የወላጆቹ ታሪክ አብሮት አልሄደም። ቅርብ ዘመዳሞች ሲዳቀሉ የሚደርሰው ጉዳት በተግባር ታይቷል፤ በአንድ ማዕከል ከዘመዳሞች የተገኙት ችግኞች አረንጓዴ ቀለም ሳይኖራቸው ነጭ ሆነው ስለበቀሉ፣ ምግብ ማዘጋጀት አቅቷቸው ሞተዋል።

በደኑ ውስጥ ይህ ችግር የሚቀረፈው በተክሎቹ መራራቅና በነፍሳቱ በረራ ነው። በማዕከላት ግን ርቀቱን የሚተካው መዝገብ ነው። በእጅ የሚያዳቅል ባለሙያ የጥንዚዛውን ሥራ ብቻ ቢሠራና አጠገቡ ያገኘውን ብናኝ ሁሉ ቢጠቀም ፍሬ ሊያገኝ ይችላል፤ ጤናማ ትውልድ ግን አያገኝም። ስለዚህ አሁን የሚደረገው ጥረት በሦስት ነገሮች ላይ ያተኩራል፦ የእያንዳንዱ ተክል የትውልድ ሐረግ በአንድ ወጥ ሥርዓት እንዲመዘገብ፣ ብናኝ ዝምድና በሌላቸው ተክሎች መካከል እንዲላላክ፣ እንዲሁም ብናኝ ለረጅም ጊዜ ሕያው ሆኖ የሚቆይበት የማቀዝቀዝ ዘዴ እንዲሻሻል። ከእነዚህ ጎን ለጎን የቡኪት ባሪሳን ደን መጠበቅ ይኖርበታል፤ በማዕከላት የሚያድጉት ተክሎች መጠባበቂያ እንጂ የደኑ ምትክ አይደሉም፤ ነፍሳቱና ወፎቹ ከተክሉ ጋር አብረው የሚኖሩት በሱማትራ ደን ብቻ ነው።